የወደቀው ልጁ ነው ወይስ ፈተናው? ስለ ሕፃናት የእንቅስቃሴ ክህሎት ፈተናዎች አስተማማኝነትና ተገቢነት

መግቢያ

የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለ ጡንቻና ስለ መገጣጠሚያ እንዲጽፍ ብዙም አይጠበቅበትም። ይሁን እንጂ ቁጥር ይዞ ወደ ዜና ክፍል የሚመጣ ነገር ሁሉ የእኛም ጉዳይ ነው። «በዚህ አካባቢ ካሉ ልጆች ይህን ያህል በመቶ የሚሆኑት በእንቅስቃሴ ዕድገታቸው ወደ ኋላ ቀርተዋል» የሚል ዓረፍተ ነገር በአንድ የጥናት ማጠቃለያ ላይ ስናገኝ ርዕስ አድርገን ለማውጣት እጃችን ይፈጥናል። ከዚያ ቁጥር ጀርባ ግን አንድ ፈተና አለ፤ ከፈተናው ጀርባ ደግሞ በአንድ እግሩ እንዲዘል፣ ኳስ እንዲቀልብ ወይም በቀጭን ጣውላ ላይ እንዲራመድ የታዘዘ ልጅ አለ። ፈተናው ከተሳሳተ የሚጎዳው ልጁ ነው። ያልዘገየው ልጅ «ዘገምተኛ» ይባላል፤ እርዳታ የሚያስፈልገው ደግሞ «ደህና ነው» ተብሎ ይታለፋል።

ይህ ጽሑፍ ስለ ማንኛውም የልጆች የእንቅስቃሴ ክህሎት ፈተና ሊጠየቁ የሚገባቸውን ሁለት ጥያቄዎች ለመዳሰስ ይሞክራል። የመጀመሪያው፦ ፈተናው ቢደገም ያንኑ ውጤት ይሰጣል ወይ? ይህ አስተማማኝነት ይባላል። ሁለተኛው፦ ፈተናው የሚለካው እለካዋለሁ ያለውን ነገር ነው ወይ? ይህ ደግሞ ተገቢነት ይባላል። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት «እ.ኤ.አ.» የሚል ቃል ባይኖራቸውም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የጆሮ ፈተና

ሁለቱን ቃላት ለመለየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የልደት ምስክር ወረቀት በማይታወቅበት ጊዜ አንድ ልጅ ለትምህርት መድረሱ የሚታወቀው ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አሳልፎ ግራ ጆሮውን ሲነካ ነበር። ከነካ ይመዘገባል፤ ካልነካ «ለከርሞ ና» ይባላል። ከአባቶቻችንና ከእናቶቻችን ብዙዎቹ ያለፉት በዚህ ፈተና ነው።

ፈተናው አስተማማኝ ነው? በአመዛኙ አዎ። አንዱ መምህር «ነክቷል» ያለውን ሌላውም ነክቷል ይላል፤ ዛሬ የነካ ልጅ ነገም ይነካል። ተገቢ ነው? እዚህ ላይ ነገሩ ይለወጣል። ፈተናው የሚያየው የክንድን ርዝመት ከጭንቅላት መጠን ጋር ነው። ዕድሜን በግምት ይጠቁም ይሆናል፤ እርሳስ መያዝን፣ ማዳመጥን ወይም ከሌሎች ጋር መቀመጥን ግን አያውቅም። ከዚህም በላይ በ2016 በተደረገው የሀገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶ ያህሉ የመቀንጨር ችግር ነበረባቸው። የቀነጨረ ልጅ ዕድሜው ደርሶ እጁ ላይደርስ ይችላል። እንግዲህ ያ ልጅ ትምህርት ቤት የሚቀረው በምግብ እጥረት ምክንያት ሆኖ ሳለ፣ መዝገቡ ላይ የሚጻፈው «አልደረሰም» የሚል ነው።

በእህል ገበያ ያለ ሚዛን ሁልጊዜ አንድ ኪሎ የሚያጎድል ከሆነ አሥር ጊዜ ብንመዝንበት አሥሩንም ጊዜ ያንኑ ቁጥር ይሰጠናል። በጣም አስተማማኝ ነው፤ ግን ይዋሻል። ተገቢነት ያለ አስተማማኝነት አይቆምም፤ አስተማማኝነት ግን ብቻውን ለተገቢነት ዋስትና አይሆንም።

ፈተናዎቹ ምን ይመስላሉ?

በዓለም ላይ በስፋት ከሚሠራባቸው መካከል አራቱን በአጭሩ እንመልከት።

አንደኛው ዴል ኡልሪክ በ1985 ያዘጋጀውና ቲጂኤምዲ ተብሎ የሚጠራው የትላልቅ ጡንቻዎች እንቅስቃሴ ፈተና ነው። ዕድሜያቸው ከ3 እስከ 10 ዓመት ለሆኑ ልጆች የታሰበ ነው። በ2000 የወጣው ሁለተኛው እትም 12 ክህሎቶች አሉት፤ ስድስቱ እንደ ሩጫና ዝላይ ያሉ ከቦታ ወደ ቦታ መንቀሳቀሻዎች ሲሆኑ፣ ስድስቱ ደግሞ እንደ መቅለብ፣ መምታትና መወርወር ያሉ ናቸው። ፈተናው የሚያየው ልጁ ምን ያህል እንደ ሮጠ ሳይሆን እንዴት እንደ ሮጠ ነው። ክንዶቹ ከእግሮቹ ጋር በተቃራኒ ይወዛወዛሉ? ሁለቱም እግሮች ለቅጽበት ከመሬት ይለቃሉ? ለእያንዳንዱ መስፈርት 1 ወይም 0 ይሰጣል።

ሁለተኛው ኬቲኬ ይባላል። ኪፕሃርድና ሺሊንግ በ1974 በጀርመን ያዘጋጁት ነው። ልጁ ስፋታቸው 6፣ 4.5 እና 3 ሴንቲ ሜትር በሆኑ ጣውላዎች ላይ ወደ ኋላ ይራመዳል፣ በአንድ እግሩ ከፍታ ይዘላል፣ በ15 ሰከንድ ውስጥ ወደ ጎን ይዘላል። እዚህ ላይ የሚቆጠረው ውጤቱ ነው፤ ስንት እርምጃ፣ ስንት ዝላይ።

ሦስተኛው በሄንደርሰንና በሰግደን የተዘጋጀው የሙቭመንት ባትሪ ነው። ሁለተኛው እትሙ በ2007 ወጥቷል። የእጅ ቅልጥፍናን፣ ማነጣጠርና መቅለብን እንዲሁም ሚዛን መጠበቅን ይፈትናል። ውጤቱም እንደ ትራፊክ መብራት ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ተብሎ ይከፈላል።

አራተኛው ለሕፃናትና ለጨቅላዎች የሚሆነው ዴንቨር ሁለት ነው። 125 ነጥቦች ያሉት ሲሆን እንቅስቃሴን ብቻ ሳይሆን ቋንቋንና ማኅበራዊ ባሕርይንም ይመለከታል።

አስተማማኝነት፦ ቢደገምስ?

አስተማማኝነት ቢያንስ በሁለት መንገድ ይፈተሻል። አንደኛው ሁለት ፈታኞች አንድን ልጅ ለየብቻ አይተው ምን ያህል ይስማማሉ የሚለው ነው። ሁለተኛው ልጁ ከሳምንት በኋላ እንደገና ቢፈተን ውጤቱ ምን ያህል ይቀራረባል የሚለው ነው።

ስምምነትን በመቶኛ ብቻ መግለጽ ያታልላል። ለምሳሌ ያህል ሁለት ፈታኞች 20 ልጆችን አዩ እንበል። 17ቱን ሁለቱም «አለፈ» አሉ፣ አንዱን ሁለቱም «ወደቀ» አሉ፣ በሁለቱ ልጆች ላይ ግን ተለያዩ፤ አንዱን የመጀመሪያው ፈታኝ ጣለው፣ ሌላውን ደግሞ ሁለተኛው ጣለው። ስምምነታቸው 90 በመቶ ነው። ያምራል አይደል? ነገር ግን እያንዳንዳቸው ከ20ው 18ቱን ስላሳለፉ ዓይናቸውን ጨፍነው ቢሰጡ እንኳ በአጋጣሚ ብቻ 82 በመቶ ይስማሙ ነበር። ጃኮብ ኮኸን በ1960 ያቀረበው ካፓ የተባለው ስሌት ይህን የአጋጣሚ ስምምነት ይቀንሳል። ከ90 ላይ 82 ሲቀነስ 8፣ ከ100 ላይ 82 ሲቀነስ 18፤ 8 ለ18 ሲካፈል 0.44 ይሆናል። 1 ሙሉ ስምምነት በሆነበት መለኪያ 0.44 መካከለኛ ነው። ዋናው ጉዳይ ደግሞ የወደቁትን መለየት ነበር፤ ፈታኞቹ በመውደቃቸው የተስማሙት በአንድ ልጅ ላይ ብቻ ነው።

ሌላው የመለኪያ ስህተት የሚባለው ነው። የአንድ ፈተና አማካይ 100፣ መደበኛ ልዩነቱ 15፣ የአስተማማኝነት መጠኑ 0.84 ነው እንበል። 0.84 ጥሩ ከሚባሉት ነው። ከ1 ላይ 0.84 ሲቀነስ 0.16፣ የዚህ ስኩዌር ሩት 0.4፣ በ15 ሲባዛ ደግሞ 6 ይሆናል። ይህ ማለት 85 ያገኘ ልጅ እውነተኛ ውጤቱ በ95 በመቶ እርግጠኝነት ከ73 እስከ 97 ድረስ ባለው ውስጥ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። 73 የሚያሳስብ ውጤት ነው፤ 97 ግን ከማንም ልጅ የማያንስ ነው። አንዲት ነጠላ ቁጥር ይዘን «ይህ ልጅ ወደ ኋላ ቀርቷል» ለማለት ስንነሣ ይህን ስፋት ማሰብ ይኖርብናል።

ታዲያ ውጤቱ ለምን ይለዋወጣል? አንዳንዱ ምክንያት ከልጁ ነው፤ ደክሞታል፣ ርቦታል፣ እንግዳ ሰው ፈርቷል። አንዳንዱ ከቦታው ነው። በባሕር ዳር ሁለት ትምህርት ቤቶችን ብንወስድ አንዱ ሜዳው ሣር፣ ሌላው ኮብልስቶን ሊሆን ይችላል። አንዱ ልጅ በስፖርት ጫማ፣ ሌላው በነጠላ ጫማ፣ ሦስተኛው በባዶ እግሩ ይዘላል። ጠዋት ከሐይቁ ነፋሻ አየር ሲመጣ የተፈተነና በመጋቢት ቀትር ላይ የተፈተነ ልጅ እኩል አይሮጡም። አንዳንዱ ምክንያት ደግሞ ከፈታኙ ነው። «ጎበዝ፣ በርታ!» እያለ የሚፈትንና ፊቱን ቋጥሮ የሚፈትን ሰው አንድ ዓይነት ውጤት አያገኙም። ስለዚህ ነው መመሪያዎች ርቀቱን፣ የኳሱን መጠን፣ የሙከራውን ቁጥር ሳይቀር የሚወስኑት።

ተገቢነት፦ የሚለካው ምንድን ነው?

አስተማማኝነትን በካልኩሌተር መፈተሽ ይቻላል። ተገቢነት ግን ከዚህ ያለፈ ነው፤ ልጁንና አካባቢውን ማወቅ ይጠይቃል። የዘመኑ የመለኪያ ምሁራን፣ በተለይም ሳሙኤል መሲክ፣ እንደሚያስረዱት ተገቢነት የፈተናው ንብረት አይደለም፤ ከውጤቱ ተነሥተን የምንሰጠው ትርጉም ንብረት ነው። በአንድ አገር ለአንድ ዓላማ ተገቢ የሆነ ፈተና በሌላ አገር ለሌላ ዓላማ ላይሆን ይችላል።

ጨዋታን እንውሰድ። በቲጂኤምዲ ውስጥ በማስቀመጫ ላይ የቆመ ኳስን በዱላ መምታት አለ። ይህ የቤዝቦል ልጅ የሚያውቀው ነው። የእኛ ልጅ ዱላ ይዞ ኳስ የሚመታው በገና ጨዋታ ነው፤ ኳሱ ግን መሬት ላይ ነው፤ አመታቱም ከታች ነው። በገና ሜዳ ጎበዝ የተባለ ልጅ የቤዝቦሉን አቋም ባለማሳየቱ ነጥብ ቢያጣ ጉድለቱ የጡንቻ ነው ወይስ የልማድ?

ሰኞ ማክሰኞም እንዲሁ ነው። የዚህ ጨዋታ ብልሃቱ በአንድ እግር አጭርና የተቆጠበ ዝላይ መዝለል፣ መስመር አለመርገጥ፣ ሌላውን እግር ሰብስቦ መያዝ ነው። ቲጂኤምዲ ደግሞ የተሰበሰበው እግር ወደ ፊት እየተወዛወዘ ጉልበት እንዲሰጥ ይፈልጋል። አንዲት ልጅ ሰኞ ማክሰኞን ከማንም በላይ ስለቻለችው ብቻ በፈተናው ልታንስ ትችላለች። በተቃራኒው ቅልልቦሽ የምትጫወት ልጅ ጠጠሯን ወደ ላይ ወርውራ እስክትወርድ ድረስ ከመሬት ሌሎቹን ዘግና መልሳ ትቀልባለች፤ ይህ የዓይንና የእጅ ቅንጅት ከላይ ባየናቸው ፈተናዎች ውስጥ በስሙ የለም።

ሐይቁ ዳር ያለውንም እናስብ። በጣና ዳርቻና በደሴቶቹ ታንኳ ላይ ያደገ ልጅ ከደንገል በተሠራ፣ በየማዕበሉ በሚዋልል ነገር ላይ ሚዛኑን መጠበቅ ይለምዳል። ይህ ልጅ በ3 ሴንቲ ሜትር ጣውላ ላይ ወደ ኋላ ሲራመድም ጎበዝ ይሆናል ወይ? የግድ አይደለም። የእንቅስቃሴ ሳይንስ ከሚያስተምራቸው ነገሮች አንዱ ክህሎት በአመዛኙ ለተለማመዱት ተግባር የተወሰነ መሆኑን ነው። በአንድ የሚዛን ፈተና አንደኛ የወጣ በሌላው መካከለኛ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ሚዛን የመጠበቅ ችሎታ» የሚለውን ትልቅ ስም በአንድ ጣውላ ላይ መስቀል ጥንቃቄ ይጠይቃል።

ልማድ የሚጀምረው ደግሞ ከጨቅላነት ነው። ቻርልስ ሱፐር በ1976 ባሳተመው ጥናት የኬንያ ኪፕሲጊስ ሕፃናት ከአሜሪካውያን ቀድመው እንደሚቀመጡና እንደሚራመዱ፣ ምክንያቱም እናቶቻቸው ሆን ብለው ስለሚያለማምዷቸው መሆኑን አሳይቷል። ባልተለማመዱት እንቅስቃሴ ግን አልቀደሙም። የዓለም ጤና ድርጅት በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ 816 ሕፃናትን ተከታትሎ በ2006 ባወጣው ውጤት ጤናማ ልጆች ብቻቸውን መራመድ የሚጀምሩበት ጊዜ ከ8 ወር እስከ 17 ወር ተኩል የሚደርስ ሰፊ ክልል ነበረው። 4.3 በመቶ ያህሉ ደግሞ በእጅና በጉልበታቸው ጨርሶ ሳይድሁ ነው የተራመዱት። በአንቀልባ ታዝሎ የሚውል ሕፃን ያለባትን እናት «ልጅሽ አልዳኸም» ብሎ ከማስደንገጥ በፊት ይህን ማወቅ ይበጃል።

ቋንቋም የራሱ ጣጣ አለው። በፈተናው «ጋሎፕ» የሚባለው አንዱ እግር ሁልጊዜ እየመራ የሚኬድበት እርምጃ ነው። ቃሉን «ጋልብ» ብለን ብንተረጉመው ልጁ ፈረስ ላይ እንዳለ ሆኖ ሊፈተለክ ነው። «ስኪፕ» ለተባለው ደግሞ በአማርኛ አንድ ወጥ ቃል አናገኝለትም። ፈታኙ በቃል ከማዘዝ ይልቅ አድርጎ ማሳየት ያለበት ለዚህ ነው።

ዕድሜ፦ ትንሽ የሚመስለው ትልቅ ጉዳይ

እነዚህ ፈተናዎች በሙሉ የልጁን ውጤት የሚያነጻጽሩት ከእኩዮቹ ጋር ነው። እኩዮቹ እነማን እንደሆኑ የሚወስነው ደግሞ ዕድሜው ነው። በ2016ቱ ሀገር አቀፍ ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆች ልደታቸው በመንግሥት አካል የተመዘገበላቸው 3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በሀገር አቀፍ ደረጃ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረውም በዚያው ዓመት ነው። እናት «ለጥምቀት ማግስት ነው የወለድኩት» ካለች ቀኑ በትክክል ይታወቃል፤ ዓመቱ ግን ሊያከራክር ይችላል።

ንግግራችንንም ልብ በሉ። «ሰባት ዓመቱን ይዟል» እና «ሰባት ዓመት ሞልቶታል» አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ስድስት የሞላው ነው፤ በሁለቱ መካከል እስከ አንድ ዓመት ልዩነት አለ። በዚህ ላይ የኢትዮጵያን ቀን ወደ አውሮፓ ስንመልስ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ ለተወለደ 7፣ ከዚያ በኋላ ለተወለደ 8 ዓመት ነው የሚጨመረው። መረጃ አስገቢው ለሁሉም 8 ከጨመረ በጥቅምት የተወለዱት ሁሉ በአንድ ዓመት ያንሳሉ። የስድስት ዓመት ልጅ ከአምስት ዓመት ልጆች ጋር ሲነጻጸር ጎበዝ ይመስላል። ተቃራኒው ሲሆን ደግሞ ምንም ያልጎደለው ልጅ «ዘግይቷል» ይባላል። ፈተናው በትክክል ተሰጥቶ፣ ፈታኞቹም ተስማምተው፣ ስህተቱ ግን ከመነሻው ገብቷል።

በሀገራችን የተሠራ

ለዚህ ሁሉ መፍትሔው ፈተናን መተው አይደለም። ቲጂኤምዲ ሁለት የተመዘነው በአሜሪካ ባሉ 1,208 ልጆች ላይ ነው፤ የእኛን ልጆች በእነሱ ሠንጠረዥ ከመመዘን በፊት ሠንጠረዡ ይሠራልን እንደሆነ ማጣራት ይቻላል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከቤልጅየም ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ያደረጉት ይህንን ነው። ዴንቨር ሁለት እንደ ጠረጴዛና የካርታ ጨዋታ፣ ከካርቶን የሚገለበጥ ደረቅ ቁርስ ማዘጋጀት ያሉ ለብዙ የኢትዮጵያ ቤት እንግዳ የሆኑ ነጥቦች አሉት። ተመራማሪዎቹ ከአካባቢው ጋር የማይሄዱትን አስተካክለው፣ የፈታኞችን ስምምነትና የድግግሞሹን ውጤት መርምረው፣ ከ1,500 በላይ ጤናማ ልጆችን ፈትነው በ2016 አሳተሙ። ልጆች አንዳንዶቹን ተግባራት የሚችሉበት ዕድሜ ከአሜሪካው ሠንጠረዥ የተለየ ሆኖ ተገኝቷል። በዚያው ዓመት በቡታጅራ የቤይሊ ፈተና ለገጠር ልጆች ተስተካክሎ አስተማማኝነቱና ተገቢነቱ የተገመገመበት ጥናት ታትሟል።

ባሕር ዳርም ለዚህ የምታንስ አይደለችም። ዩኒቨርሲቲው የስፖርት አካዳሚ አለው፤ የጤናና የሥነ ልቦና ትምህርት ክፍሎችም አሉት። ወላጆችን አስፈቅዶ ልጆችን በቪዲዮ መቅረጽ፣ ሁለት ፈታኞች ሳይነጋገሩ ነጥብ እንዲሰጡ ማድረግ፣ ከሳምንት በኋላ መድገም፣ ውጤቱንም ልጆቹን በየቀኑ ከሚያየው መምህር ግምት ጋር ማነጻጸር፤ ይህ ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚበቃ ሥራ ነው።

ቁጥሩ ዜና ሲሆን

አሁን ወደ ራሳችን ሙያ እንምጣ። በሙቭመንት ባትሪ ቀይ የሚባለው ከ100 ልጆች የመጨረሻዎቹ 5 ያሉበት ክልል ነው። ስለዚህ ሠንጠረዡ በተሠራበት አገር ምንጊዜም 5 በመቶ ያህል ልጆች ቀይ ውስጥ ይገኛሉ፤ አሠራሩ ነው። «5 በመቶ ልጆች ችግር አለባቸው» ብሎ ይህን እንደ ግኝት መዘገብ ዜና አይሆንም።

የባሰውን በምሳሌ እንይ። 1,000 ልጆች አሉ፤ እውነተኛ የእንቅስቃሴ ችግር ያለባቸው 50 ናቸው እንበል። ፈተናው ችግር ካለባቸው 80 በመቶውን ይይዛል፤ ከሌለባቸው ደግሞ 90 በመቶውን በትክክል ያልፋል። ጥሩ ፈተና ይመስላል። ከ50ው 40ውን ያዘ። ከ950ዎቹ ጤናማ ልጆች ግን 95ቱን በስህተት ጣላቸው። በድምሩ 135 ልጆች «ወደቁ»፤ ከነዚህ ውስጥ እውነተኞቹ 40፣ ማለትም ከሦስት አንድ እንኳ አይሞሉም። ጋዜጣው «135 ልጆች የእንቅስቃሴ ችግር እንዳለባቸው ታወቀ» ካለ 95 ቤተሰብ በከንቱ አስደነገጠ። የመጀመሪያ ማጣሪያ ምርመራ አይደለም፤ ቀጥሎ በባለሙያ መታየት አለበት።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ጥናት ስንዘግብ ቢያንስ የሚከተሉትን መጠየቅ ተገቢ ነው፦

1. ፈተናው የት አገር፣ በየትኞቹ ልጆች ላይ ተመዘነ? እዚህስ ተሞክሯል?
2. ፈታኞቹ ስንት ነበሩ? ስምምነታቸው ተለክቷል? በመቶኛ ብቻ ነው ወይስ አጋጣሚው ተቀንሶለታል?
3. የልጆቹ ዕድሜ በምን ታወቀ?
4. «ወደቀ» የሚባልበት መስመር የት ላይ ተሠመረ? ለምን?
5. የወደቀው ልጅ ቀጥሎ ምን ይደረግለታል?

አምስተኛው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል። የፈተና ተገቢነት በመጨረሻ የሚመዘነው በሚያስከትለው ነገር ነውና።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ ለማየት እንደተሞከረው አስተማማኝነትና ተገቢነት የተመራማሪ ብቻ ቃላት አይደሉም። የመጀመሪያው ቁጥሩ ነገም ያው መሆኑን፣ ሁለተኛው ቁጥሩ እውነት መናገሩን ይጠይቃሉ። ጥናቶች አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያውን በኩራት ይነግሩናል፤ ምክንያቱም ለማስላት ይቀላል። ሁለተኛውን ግን ጠይቀን ማግኘት ይኖርብናል። እንደ እኛ ባለ አካባቢ፣ ልጁ ሰኞ ማክሰኞ እየተጫወተ አድጎ በሌላ አገር ሠንጠረዥ ሲመዘን፣ ሁለተኛውን ጥያቄ የሚያነሣ ሰው ያስፈልጋል። ተመራማሪው ካላነሣው ጋዜጠኛው ያንሣው። «ልጁ ወደቀ» ብለን ከመጻፋችን በፊት ፈተናው ራሱ ማለፉን እንጠይቅ።